ሦስት ጣሳ አፈር፣ አንድ ጣሳ ጭድ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ሚደቅሳ፤
ቱሉ ቦሎ።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያ የቀኝ ትከሻዎስ ብርዱ ሲመጣ ማመሙን ትቶልዎታል ወይስ አሁንም ደህና ነኝ እያሉ እማዬን ይሸነግሏታል? እሷስ ደህና ናት? አጨዳው ተጋመሰ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዜር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። በስልክ ማውራቱ ለጆሮዎ እየከበደ፣ እኔም ስጮህ የተከራየሁበት ግቢ ሰው ሁሉ ምስጢሬን እየሰማ ተቸገርኩ፤ ለዚህ ነው መጻፌ። ሮቤራ ያነብልዎታል። ሮቤራ፣ አንተ ደግሞ ቀስ ብለህ አንብብ፤ ወደ መጨረሻው የሚያሳፍር ነገር አለ፣ ለእህቴ ልዘንላት ብለህ እንዳትዘለው።

ዘንድሮ ልደታ ሦስተኛ ክፍል እንዳስተምር መመደቤን ነግሬዎታለሁ። ሃምሳ ሁለት ልጆች ናቸው፤ የጌጃ ሰፈር ልጅ ይበዛባቸዋል፣ አፋቸው ከተከፈተ ገበያ ነው። አንዲት ብቻ አለች፣ አማል የምትባል፣ የባለሱቁ የነስረዲን ልጅ፤ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም። ስም ስጠራ እንኳ እጇን ነው የምታወጣው። የአካባቢያችንን ካርታ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ አሰምራለሁ፣ ሰሜን ደቡብ እላለሁ፣ ልጆቹም ይገለብጣሉ። ቤታችሁ በየት በኩል ነው ስላቸው ግን ጣራ ጣራውን ያያሉ። ቢቸግረኝ አንድ ቀን ሰፈራችንን ለምን በጭቃ አንሠራውም አልኳቸው። ክፍሉ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ።

አፈሩን ሰንጋ ተራ ለሕንጻ መሠረት ከሚቆፈርበት ቦታ ለምኜ ሁለት ጆንያ አመጣሁ። ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ ልክ እንደኛ አገር ኮትቻ። በውሃ ለወስነውና ዓርብ ከሰዓት ልደታ ማርያምን፣ ፍርድ ቤቱን፣ የታክሲ ተራውን፣ የነስረዲንን ሱቅ ሳይቀር ሠራን። ደስ ይል ነበር። ሰኞ ስንገባ ቤተ ክርስቲያኗ ለሁለት ተሰንጥቃለች፣ ፍርድ ቤቱ ሦስት ቦታ ሆኗል፣ ታክሲዎቹም ጎማ የላቸውም። ግማሾቹ ልጆች አለቀሱ። ዴስኩ ደግሞ ጭቃ በጭቃ። ርእሰ መምህራችን ወይዘሮ ጠጅቱ ብቅ ብለው አዩና በሩን ዘግተው ሄዱ። በኋላ ቢሮ ጠሩኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከወረዳ ሱፐርቫይዘር ይመጣል፣ ልጆቹ ትምህርቱን ካላወቁት ይሄ የጭቃ ነገር እዚያው ያበቃል፣ የሙከራ ጊዜሽ ቅጽ ላይም እጽፈዋለሁ አሉኝ። እሱን ካላለፍኩ ደግሞ አባባ፣ ሥራው የለም ማለት ነው።

ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት መርገው አንድ ግድግዳ ሲሰነጠቅብዎት አላየሁም። የጭቃ መራጊ ልጅ ሆኜ፣ ጥሬ ጭቃ ገንብቼ ለምን ተሰነጠቀ ብዬ እበሳጫለሁ። ጭቃ ካልቦካ ቤት አይሆንም ይሉ የለ? ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን አስወልቀው ጭዱና ጭቃው መሀል ያቆሙኝና ርገጪ ይሉኝ ነበር፤ እኔ እየተነጫነጭኩ እረግጣለሁ። ለካ ትምህርት ቤት የነበርኩት እዚያም ነው። ኮሌጅ ሦስት ዓመት ስለ ማስተማሪያ መርጃ የጻፍኩት ደብተር ስለ ጭድ አንድ መስመር የለውም።

ጥበቃችን ጋሽ ገብረየሱስ ከአንድ በግ ነጋዴ ጭድ አመጡልኝ። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ግቢው ውስጥ መርገጥ ጀመሩ። ሦስት ጣሳ አፈር፣ አንድ ጣሳ ጭድ። ከአራቱ ጣሳ ምን ያህሉ ጭድ ነው እያልኩ ክፍልፋይንም በዚያው አስተማርኩ፤ ሒሳብ ሲባል ዴስክ ሥር የሚደበቁት ሁሉ አንድ አራተኛ፣ አንድ አራተኛ እያሉ ይረግጣሉ። ከዚያ በላስቲክ ሸፍነን አምስት ቀን እስኪቦካ ተውነው። ሽታውን እርስዎ ያውቁታል፤ ወይዘሮ ጠጅቱ መስኮታቸውን ዘጉ። አንዲት እናትም መጥተው፣ ልጄን የላክሁት ፊደል እንድታስተምሪው እንጂ ቤት እንድታሠሪው አይደለም አሉኝ። እርሳቸውም እውነት አላቸው። ልቤ እንደተንጠለጠለ ሰነበተ።

ሱፐርቫይዘሩ ማክሰኞ መጣ። በቦካው ጭቃ እንደገና የሠራነው ሰፈራችን ሰፊ ጣውላ ላይ ደርቆ ቆሟል፣ አንድ ስንጥቅ የለበትም። ሰውየው ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ያ ሁሉ ልጅ እጁን አውጥቶ እያለ፣ መርጦ መርጦ አማልን ከቤትሽ እስከዚህ እንዴት ትመጫለሽ አላት። አለቀልኝ አልኩ። አማል ተነሥታ መጣችና ጣቷን የአባቷ ሱቅ ደጃፍ ላይ አቆመች። ከዚያ ጣቷ መሄድ ጀመረ፤ ከጣቷ ጋር አፏም። ከሱቃችን ወጥቼ ወደ ምሥራቅ እሄዳለሁ፣ እዚህ ጋ ውሻ አለ፣ ስለምፈራው በሰሜን በኩል እዞራለሁ፣ ከዚያ አስፋልቱን ሰው ሲያሻግረኝ እሻገራለሁ እያለች ትምህርት ቤታችን በር ድረስ ወሰደችን። ድምፅዋ ወፍራም መሆኑን ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። ሰውየው ይሄ ጭቃ እንዴት አልተሰነጠቀም ሲል ደግሞ፣ ልጆቹ ባንድ አፍ የቲቸር አባት ዘዴ ነው አሉት።

እናም አለፍኩ አባባ። ወይዘሮ ጠጅቱ ይሄንን ሌሎቹም መምህራን ይማሩት ብለው የሥልጠና ቅጽ ሰጡኝ። የአሠልጣኝ ስም በሚለው ላይ የእርስዎን ስም ጻፍኩ። የትምህርት ደረጃ ለሚለው አራተኛ ክፍል አልኩ። አነበቡት፣ ቀና ብለው አዩኝና ፈረሙበት።

ሮቤራ፣ የሚያሳፍረው ጋ ደርሰሃል። አባባ፣ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ዝናብ የጣለ ዕለት፣ ዣንጥላ ይዘውልኝ ትምህርት ቤት በር ድረስ መጥተው ነበር። ከሥራ ስለመጡ ሱሪዎ እስከ ጉልበትዎ ጭቃ ነበር። ልጆቹ ማናቸው ሲሉኝ፣ ቤታችንን የሚመርግልን ሰውዬ ነው አልኳቸው። ሰምተውኛል። መስማትዎን ያወቅኩት ዣንጥላውን ለዘበኛው ሰጥተው ስለተመለሱ ነው። ቤት ስገባ እሸት በቆሎ ጠብሰው ትልቁን ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ በትምህርት ቤቴ በር አልታዩም። ስመረቅ እንኳ ከብቱን ማን ያያል ብለው እማዬን ላኩ። ከብቱ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ እየመጣ መለስኩት። ይቅር ይበሉኝ።

እማዬን ጉንጯን አገላብጣችሁ ሳሙልኝ፤ ቅቤውን ለጾሙ መፍቻ አስቀምጬዋለሁ በሉልኝ። የትንሿ እህታችን የኢሊሊ ጥርስ በቅሎ እንደሆነ ጻፉልኝ። ሮቤራ፣ አንተን ስላነበብክ አመሰግንሃለሁ፤ አባባ ወደ እኔ ሲመጡ በአጨዳው የምትተካቸው አንተ ነህ፣ እንዳታኮርፍ። ጎረቤታችንን አቶ ዱሬሳን ከነቤተሰባቸው ሰላም በሉልኝ።

ሥልጠናው ታኅሣሥ 11 ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ዓርብ ይምጡና እኔ ጋ ያድራሉ። አዲስ ልብስ ብለው አይቸገሩ፣ የሥራ ሱሪዎን ይዘው ይምጡ። ጋሽ ገብረየሱስ በሩ ላይ ማን ነዎት ማለታቸው አይቀርም፤ ሁሉንም ይጠይቃሉ። እርስዎ አይመልሱላቸው። እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ፣ አባቴ ናቸው የምለው እኔ ነኝ።

የምትወድዎት ልጅዎ
አያንቱ ሚደቅሳ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.