ሁለት አውንስ፣ አንድ ማንኪያ

ሰኞ፣ ግንቦት 4፤ ጠዋት 12፡30
ጡጦ ታጠበ፣ ተቀቀለ። ውሃ አራት አውንስ፣ ዱቄት ሁለት ማንኪያ። ልጄ ሰሚራ ጨርሳም ታለቅሳለች። የፋብሪካው ሰርቪስ ጥሩምባውን እየነፋ ነው። አዴ፣ የባሌ እናት፣ ልጅቷን ተቀብለውኝ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። የሰፈሩ ወሬ አንድ ነው፤ እናትየው ሥራ ገባች፣ ጡቷ ደረቀ፣ ልጅቷ መነመነች። ለሽርሽር የገባሁ ይመስል! ነድጃለሁ፣ ማስታወሻዬ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6፤ ከሰዓት
ፈቃድ ጠይቄ ጤ/ጣቢያ። ክብደቷ ካለፈው ወር ንቅንቅ አላለም። ነርሷ ወተት በደንብ ስጪ አለችኝ። በደንብ! ካልጨመረች ሆስፒታል ትተኛለች። ነጂብ ደግሞ ሙቀቱ ነው ይለኛል፤ "አቦ አታካብጂ!" ባል ተብሎ!
የእህቱን የነኢማን የድምፅ መልእክት እንደገና ከፈትኩ። ጡጦውንም የመጀመሪያውን ወተትም ከአሜሪካ የላከችው እሷ ናት። ለሁለት አውንስ አንድ ማንኪያ፣ እንዳታሳልፊ፣ ወፍራም ወተት ኩላሊት ይጎዳል ትላለች። አላሳለፍኩም። የእሷ ቆርቆሮ አልቆ ከፋርማሲ መግዛት ከጀመርን ወዲህም አላሳለፍኩም። ታዲያ ልጄ ምን ነካት?

ዓርብ፣ ግንቦት 8፤ ማታ 1 ሰዓት
ዛሬ ሥራ ላይ የስፌት ማሽኔን ዘይት ላጠጣ ብልቃጡን አነሳሁ። የአሜሪካ ዕቃ። ጎኑ ላይ 2 አውንስ፣ ከሥሩ 59 ሚሊ ሊትር ይላል። ሁሌ እይዘዋለሁ፣ አንብቤው አላውቅም። የሰሚራ ጡጦ ላይ አውንስ እንጂ ሚሊ የለም።
ቤት ገብቼ የፋርማሲውን ቆርቆሮ ገለበጥኩ። ለ30 ሚሊ አንድ ማንኪያ። ሠላሳ! አንድ አውንስ ማለት ነው። የአሜሪካው ማንኪያ ትልቅ ነበር፣ ለስልሳ የሚበቃ። አሁን የምለካበት የዚህኛው ማንኪያ ግማሹ ነው። ልጄን ግማሽ ወተት፣ ግማሽ ውሃ ሳጠጣት ከረምኩ።
ነጂብ ነኢማ ምን ታውቃለች አለ። እውነቱን ነው፤ ለእሷ ቆርቆሮ ልክ ነበር። ይህም አናደደኝ። የምጮህበት ሰው እንኳ የለኝም! ጡጦውን ከግድግዳ ጋር አላተምኩት። ፕላስቲክ ነው፣ አልተሰበረም። አዴ አንስተው አጠቡት።
ለነርሷ ደወልኩ፤ በቆርቆሮው ልክ ስጪ አለች። አራት አውንስ፣ መቶ ሃያ ሚሊ፣ አራት ማንኪያ። ጠጣች። ከዚያ ቤቱ ጭጭ አለ። ሦስታችንም ደንግጠን አልጋው ላይ ጎነበስን። አዴ ጣታቸውን አፍንጫዋ ሥር አድርገው ትንፋሿን አዩ። ተኝታለች። ጠግባ ስትተኛ ምን እንደምትመስል ረስተን ነበር።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፤ ረፋድ
ከታይዋን ገበያ ሚሊ የተጻፈበት ጡጦ ገዛሁ። አሮጌውን አዴ ሊጥሉት ሲሉ ቀማኋቸው። ሰኞ ጤ/ጣቢያ ይዤው እሄዳለሁ። ወረፋ ለያዙት እናቶች ሁሉ አሳያለሁ፤ ስንቷ ቤት ከውጭ የተላከ ጡጦ አለ! ነርሷም በደንብ ስጪ ከማለቷ በፊት በምን እንደምንለካ ትጠይቅ። አልጠይቅም ካለች እኔው እዚያው በሩ ላይ ቆሜ
ቆይ፣ ሰሚራ ነቃች። ኧረ ጩኸቷ! ዛሬ ጉልበት አለው፣ ጎረቤት ድረስ ይሰማል