በኩሬዎ ተወለደች ስላሏት አንድ ዓይና ዓሣ

ለተከበሩ የከተማችን ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ሆድዎ፣ አንጀትዎና ጨጓራዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የእኛ ሰፈር ሆድ ግን እንደሚያውቁት ደህና አልከረመም። እኔ ከገበያው መግቢያ በስተቀኝ፣ ሁለት ሰማያዊ በርሜል ውኃ ሞልቼ ዓሣ ከነሕይወቱ የምሸጠው ሰውዬ ነኝ። ሹፌርዎ በደንብ ያውቀኛል። እርስዎ ግን በአካል ስለማያውቁኝ፣ እንዲህ በጋዜጣ፣ በአደባባይ ልተዋወቅዎት መነሣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ጊዜዎ ውድ ስለሆነ አቤቱታዬን በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጉድጓዱ አመሰግናለሁ። ገበያተኛው ወይዘሮ ቆስጣ የሚላት ታላቅ እህቴ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በጓሮዋ ጉድጓድ ውኃ ሰላጣና ቆስጣ እያለማች ነው። ባለሙያዎችዎ መጥተው፣ ከእንግዲህ የከተማው ፍሳሽ ተጣርቶና ታክሞ በቧንቧ እደጅሽ ድረስ ይመጣልሻል፣ የጉድጓዱ ውኃ ለነገ ልጆች ይቆይ ብለው መከሯት። ምክሩ ጥሩ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነው። በደንብ የታከመ ፍሳሽ ስንት ማሳ እንደሚያጠጣ እኔም ይገባኛል። እሷም አመነችና ጉድጓዷን በገዛ እጇ በድንጋይና በአፈር ደፈነች። ሰው ማመኗን እንዳልተወችው ስለፈተኑልን ምስጋናችን የላቀ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ሞተሩ። ፍሳሹ ውስጥ አየር የሚነፋው ትልቁ ሞተር ካልሠራ ቆሻሻውን የሚበሉት ጥቃቅን ነፍሳት ታፍነው እንደሚሞቱ፣ ውኃውም እንደገባ እንደሚወጣ፣ በምረቃው ዕለት በድምፅ ማጉያ ያስተማሩን እርስዎ ራስዎ ነዎት። ትምህርቱ ገብቶናል። ስለዚህም ይህ ሞተር የሚጮኸው እንግዳ ሲመጣ ብቻ መሆኑን ከአጥርዎ ሥር የሚኖር ሁሉ ልብ ብሏል፤ ድምፁ በተሰማ ቁጥር ጎረቤቶችዎ ዛሬ ደግሞ ማን ሊመጣ ነው እየተባባሉ ልብስ ማስጫ ገመዳቸውን ይሰበስባሉ። እንግዳ አክባሪነትዎን እናደንቃለን። እንግዳ በሌለበት ቀን ሁሉ የሚወጣው ውኃ ግን የሚሄደው ወደ እህቴ ሰላጣ ነው።

ሦስተኛ፤ ሰፈሩ በተቅማጥ ሲያልቅ እርስዎ በሬዲዮ ቀርበው፣ ውኃችን እንከን የለበትም፣ ችግሩ እጃቸውን የማይታጠቡ አትክልት ሻጮች ናቸው ብለው አስረዱ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። በማግስቱ የእህቴ የገበያ መደብ ታሸገ። ዕድሜ ልካቸውን ከእጇ የገዙ ደንበኞቿ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኟት አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ እጇን ሳይጨብጡ ያልፋሉ። እሷም ቤቷ ተቀምጣ እጇን ትታጠባለች፣ ታደርቃለች፣ ታየዋለች፣ እንደገና ትታጠባለች። ተዪ በቃ ስላት፣ እንጃ፣ ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል ትለኛለች። ክቡርነትዎ፣ ይህችን ቃል ካፏ ስሰማ እንዴት እንደተቃጠልሁ ልገልጽልዎ አልችልም፤ ትሕትናዬ እዚህም እዚያም ቢዛነፍ ከዚህ የተነሣ ነው።

አራተኛው የዓሣው ጉዳይ ነው። ሹፌርዎ እየመጣ በሕይወት ያለ ዓሣ በጀሪካን ሲወስድ፣ ለሠራተኞች ክበብ ነው ይለኝ ነበር፤ እኔም እነዚህ ሰዎች ዓሣ እንዴት ይወዳሉ እያልሁ እገረም ነበር። ባለፈው ጊዜ አንዲት አንድ ዓይና ዓሣ መረቅሁለት። ገዢ ሁሉ አይቶ የሚተዋት፣ በርሜሌ ውስጥ ኖራ ኖራ ቤተሰብ የሆነች ዓሣ ነበረች። በዚያው ዕለት ስለ መደቧ ልንለምንዎ ከእህቴ ጋር ደጅዎ መጣን፤ ዘበኛው እሷን መልሶ እኔን አስገባኝ። ጣቢያውን ሊጎበኙ ከመጡ እንግዶች ኋላ ቆሜ ሳለሁ እርስዎ ወደ መጨረሻው ኩሬ እያመለከቱ፣ እነዚህ ዓሦች እዚሁ ውኃችን ውስጥ ተወልደው ያደጉ ናቸው፣ ውኃው ንጹሕ ባይሆን ይኖሩ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ያቺ አንድ ዓይና ጉደኛ ጥላዬን አይታ ምግብ የያዝሁላት መስሏት ብቅ አለች። እርስዎም እሷን አሳይተው፣ ይህችንማ ከዕንቁላሏ ጀምሮ እናውቃታለን አሉ። ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ግራ ገብቶኝ እኔም አጨበጨብሁ። በማግስቱ በጓሮ በር በኩል ብመጣ ሠራተኞችዎ የሞተ ዓሣ በጋሪ ሲያወጡ አገኘሁ፤ አንድ ዓይናዋ ከላይ ተጋድማ ነበር።

አምስተኛ የለኝም። አራቱ ይበቃሉ።

የምለምንዎት ይህን ብቻ ነው፤ እጇን ባጎደፉበት በዚያው ሬዲዮ፣ በዚያው አፍዎ፣ የእህቴ እጅ ንጹሕ ነው ይበሉ፤ መደቧን ያስከፍቱላት፤ ሞተሩንም እንግዳ በሌለበት ቀን ያስነሡት። እምቢ ካሉም አልከፋም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሥራዬ ዓሣ ነው።

እስከዚያው እንደ ሥራዎ ይስጥዎት፣ የእጅዎን አይጡ እያልሁ፣ ወገቤ እስኪያመኝ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የቀድሞው ዓሣ አቅራቢዎ፣
የወይዘሮ ቆስጣ ታናሽ ወንድም

የተረሳ ነገር፤ ለዛሬው ጉብኝት ያዘዙት ዓሣ እንደ ወትሮው ዛሬ ጠዋት መድረስ ነበረበት። እኔ ግን እርስዎን ለማገልገል ካለኝ ጉጉት የተነሣ ሹፌርዎን ሳላደክም ትናንት በጠዋቱ ራሴ አመጣሁት፤ ንብረት ክፍልዎም ማስቀመጫ ቢያጣለት ኩሬው ውስጥ ጨመረው። ጎረቤቶችዎ እንደነገሩኝ ሞተሩ ትናንት አልተነሣም። የሞተውን ዓሣ በጋሪ የሚያወጡት ሠራተኞችዎ ደግሞ ዛሬ ሁሉንም ወገባቸውን ያማቸዋል አሉ፤ ልጆቻቸው ከዚያው ሰላጣ የበሉ ናቸውና አይፍረዱባቸው። ይህ ጋዜጣ እንግዶችዎ ቁርስ የሚበሉበት ሆቴል በጊዜ እንዲደርስ አድርጌያለሁ። እነሱ ኩሬው ዳር ሲደርሱ ስለ ውኃዎ የሚመሰክሩት ዓሦቹ ይሆናሉ፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ይቅርታ የምጠይቀው እነሱን ብቻ ነው።