ጺሙን የተላጨው ለማን ነው?

ታኅሣሥ 21

ዛሬም ራስጌ ማለስለስ። ከጧት እስከ ዙህር ሶላት ብርጭቆ ወረቀት ከእጄ አልወረደም። የሮቢቱ ሰውዬ አልጋ ነው። ሰጋቱራው ቅንድቤ ላይ ሳይቀር ተቀምጦ መንሱር “አሮጊት መሰልሽ” ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ። ስራ ላይ ሲሆን እንዲህ ነው ባሌ... ይቀልዳል፣ ስለ እንጨቱ ያወራል፣ የልጅነቱን ያወራል። ቤት ከገባ ግን አፉ ይዘጋል። እራቱን በልቶ፣ ሰግዶ፣ ይተኛል። ከተጋባን ጀምሮ ያወራኝ ነገር ሁሉ እዚያች ግቢያችን ውስጥ ባለች የቆርቆሮ ወርክሾፕ ውስጥ ነው።

ለዚህ ነው ያልነገርኩት። ጤና ጣቢያ ሄጄ የሰማሁትን። “ደረትሽ እየጠበበ ነው፤ ወይ ከአቧራውና ከቫርኒሹ ራቂ፣ ወይ በደንብ ተከላከይ” አለችኝ ሐኪሟ። ብነግረው በቃ ቤት ተቀመጪ ይለኛል። ከዚያ ከማን ጋር ሊያወራ ነው?

ከኮሌጅ ለልምምድ አንዲት ልጅ ትመጣለች ተብሏል። ኢልሀም ትባላለች። ወንድ ልጅ ጠፍቶ ነው?

ታኅሣሥ 23

መጣች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቱታ የለበሰች። “እትዬ ጀዊሪያ” አለችኝ። እትዬ! ስንት ዓመት ብበልጣት ነው?

ገና ከመግባቷ መጥረጊያውን ከእጄ ተቀበለችኝና መሬቱ ላይ ውሃ ረጨች። አቧራው እንዳይነሳ ነው አለች። እኔ ያን ሁሉ ዘመን በደረቁ ስጠርግ ማንም ምንም አላለኝ። መንሱር “ጥሩ ዘዴ ነው” አለ። ቆይቶ ደግሞ ደገመው። አንዴ አይበቃም ነበር?

ታኅሣሥ 28

መንሱር ማታ ማታ ከአፋሮቹ የግመል ወተት ገዝቶ ያመጣልኛል። ደረት ያጥባል ይላል። እዚህ አገር ቀለም የሚቀባውም፣ ብረት የሚበይደውም ወተት ይጠጣል። ለእኔ ግን ለደረቴ ብቻ አልነበረም... ለእኔ ተብሎ የሚመጣ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ዛሬ ለሷም ቀዳላት። አልጠጣም አለች። ወተት የሚገባው ሆድ ውስጥ ነው፣ ወደ ሳንባ መንገድ የለውም አለች፣ በትህትና። መንሱር ብርጭቆውን ትክ ብሎ አየና ሳቀ። እውነቷን ነው አለ።

እውነቷን ከሆነ እኔ ምን ስጠጣ ኖርኩ? ብርጭቆዋን አንስቼ የሷንም ጭልጥ አደረግኩት።

ጥር 3

ማስክ ገዛላት። ያ የኮሮና ጊዜው ዓይነት አይደለም። የጎማ፣ ግራና ቀኝ ክብ ማጣሪያ ያለው፣ የቲነር ሽታ የሚያስቀር። ቫርኒሽ የምትቀባው እሷ ስለሆነች ነው አለ። እኔስ? እኔ በሻሽ አፌን አስሬ ስቀባ የኖርኩት?

እራት ላይ እንደ ዘበት አነሳሁበት።

“ጠየቀችኝ፣ ገዛሁላት። አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ?” አለ።

ሰው ለሚስቱ ካልተጠየቀ አይሰጥም?

ጥር 5

ከቧንቧው ባልዲ ይዤ ስመለስ ትንፋሽ አጥሮኝ መሀል ግቢ ቆምኩ። ማንም አላየኝም።

ጥር 9

ጺሙን ተላጨ!

ያንን ጺም! ስንት ጊዜ ትንሽ አሳጥረው፣ ፊትህን ልየው ስለው “ሱና ነው” እያለ የመለሰኝን። ምነው ብለው፣ ማስኩ ጺም ላይ አይገጥምም፣ ሽታው በጎን ሾልኮ ይገባል፣ ኢልሀም አሳየችኝ አለ። አሁን ተራ በተራ ነው የሚያደርጉት። በሳሙና አጥባ ትሰጠዋለች። ቢታጠብስ! የሷ አፍ የነበረበት ላይ የሱ አፍ...

ጎረቤቴ አሚና በአጥር በኩል አይታው “ጺሙን የተላጨው ለማን ነው?” አለችኝ። ለማስክ ነው ብላት ማን ያምነኛል? እኔ ራሴ አላመንኩም። ሞቆት ነው አልኳት። በጥር!

ጥር 14

ዛሬ ደስ ብሎኛል። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ግን ደስ ብሎኛል።

እኛ ቫርኒሽ የምንቀባው በርና መስኮት ዘግተን ነው። የቆቦ ነፋስ የሜዳውን አቧራ ሁሉ ተሸክሞ መጥቶ እርጥብ ቫርኒሽ ላይ ይለጥፈዋል። ኢልሀም ግን ትናንት “እንጨቱን ከአቧራ ለማዳን ብላችሁ ጭሱን እናንተ ትጠጡታላችሁ” አለች። ዛሬ ወለል አድርጋ ከፍታ ቀባች። የጎብዬው ሙሽራ አልጋ ነው፣ ረመዳን ሳይገባ የሚወስዱት። ከዙህር በኋላ ነፋሱ ተነሳ... ራስጌው አሸዋ የነሰነሱበት መሰለ።

የኢልሀም ዓይን እንባ አቀረረ። እኔ “አይዞሽ፣ ይለመዳል” አልኳት፣ ማር በሆነ ድምፅ።

ነገ እሱ ሮቢት አልጋ ሊያደርስ ይሄዳል። እስኪመለስ ራስጌውን አስተካክዬ እጠብቀዋለሁ። ያኔ ማንን መያዝ እንዳለበት ያውቃል።

ጥር 16

ደክሞኛል። ቢሆንም ልጻፍ።

ትናንት መንሱር እንደወጣ ኢልሀምን ሙጫ ግዢ ብዬ ላክኋት። በሩን ዘጋሁ። የመስኮቱን ቀዳዳ በካርቶን ደፈንኩ። የተበላሸውን ፍቄ አነሳሁና ቫርኒሹን በብሩሽ ጀመርኩ። ማስኩ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። የሷ ነው፣ አልነካውም አልኩ። ሻሼን አጠበቅኩ።

ግማሽ ላይ አየር አጠረኝ። እስባለሁ፣ አይገባም። ዓይኔ ጨለመ። በሩ ጋ በእንብርክኬ ሄድኩ፣ መቀርቀሪያውን መክፈቴን አስታውሳለሁ... ከዚያ ራሴን ያገኘሁት ግቢው ውስጥ ካለው ዳስ ስር ተቀምጬ ነው። ኢልሀም ሙጫውን ገዝታ ተመልሳ ከኋላዬ ደግፋኛለች። “እትዬ፣ ቀስ ብለሽ... አብሽሪ፣ ቀስ ብለሽ” ትላለች።

ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ለባሌ ያልነገርኩትን ለሷ! ለመንሱር እንዳትነግሪው ብዬ ለመንኳት።

“ራስሽ ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ” አለች። “ከፈለግሽ ተቀየሚኝ።”

ተቀየምኳት። ጥሩ ልጅ መሆኗ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

ጥር 17

ነገርኩት። ሐኪሟ ያለችኝን፣ ትናንት ወዲያ የሆንኩትን፣ ሁሉንም። መሬት መሬት እያየ ሰማኝ። ለምን ደበቅሽኝ አለ።

“ስራውን ካጣሁ አንተን አጣሁህ” አልኩት። “ቤት ውስጥ አታወራኝም። የምታወራኝ እዚያ ነው። እሱንም ለሷ ልስጣት?”

ተነስቶ ወጣ። ይሄ ነው እንግዲህ መልሱ?

ጥር 18

ሳልነሳ በሚኒባስ ወደ ደሴ ሄዷል። ደህና ዋይ እንኳ አላለኝም። ኢልሀም ለምን እንደሄደ ጠየቀችኝ። አላውቅም ማለት አፈርኩና እንጨት ሊያይ ነው አልኳት።

ጥር 19

ሁለት ማስክ ይዞ መጣ። አንዱ የሱ፣ አንዱ የኔ።

ራሱ አጠለቀልኝ። ማሰሪያውን ከኋላ አጠበቀ። ከዚያ ማጣሪያዎቹን በመዳፎቹ ከደነና “ሳቢ” አለኝ። ስስብ ጎማው ፊቴ ላይ ጥብቅ አለ። “ይኸው፣ በጎን አይገባም” አለ። ይህን ማን እንዳስተማረው አውቃለሁ። ግን እጁ ፀጉሬ ላይ ትንሽ ቆየ።

ሆስፒታልም ይዞኝ ሄደ። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጡኝ። ከተጠነቀቅሽ ይሻልሻል አሉ።

ስራውንም አከፋፈለው። ማለስለሱ ለኢልሀም። ቫርኒሽ ከእንግዲህ ውጭ፣ ዳሱ ስር፣ ጧት ነፋስ ሳይነሳ። ነፋስ ከተነሳ ለነገ ይቆያል። እኔ መለካትና መግጠም፣ እሱንም ማስኬን አድርጌ። ጥሩ ነው፣ ልክ ነው... ብርጭቆ ወረቀቱን ሳስረክባት ግን ጥርሴን የነቀሉኝ ያህል ነው ያመመኝ።

ጥር 27

የጎብዬውን ራስጌ ኢልሀም እንደገና ፍቃ፣ አለስልሳ፣ ዛሬ በጧት ቀባችው። አንድ ቅንጣት አልተለጠፈበትም። ዞር ዞር እያልኩ እንከን ፈለግኩ። አጣሁ።

ሌላም ነገር ልብ አልኩ። ማስክ አድርጎ ማውራት አይቻልም። ሦስታችንም እንደ ዲዳ በእጅ ነው የምንግባባው። እሱ ለሷ አያወራ፣ እሷ ለሱ አታወራ። አልዋሽም፣ አንጀቴ ራሰ። በኋላ ነው ትዝ ያለኝ... ለኔም እኮ አያወራኝም።

የካቲት 6

ትናንት ጎብዬዎቹ አልጋቸውን ሊወስዱ መጡ። የሙሽራው እናት ራስጌውን በመዳፋቸው እየዳበሱ “ማሻአላህ፣ የማን እጅ ነው?” አሉ። መንሱር ወደኔ አየ። የኔን ስም ሊጠራ ነው፣ ልማዱ ነው። ኢልሀም አንገቷን ደፍታ ወለሉ ላይ ውሃ ትረጫለች። ዝም ብል የኔ ሆኖ ይቀር ነበር። ማስኬን አወለቅኩ።

“የኢልሀም ነው” አልኩ።

ሴትየዋ መረቋት። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ቶሎ ወደ መጥረጊያዋ ዞረች። እኔ ማስኬን መልሼ አጠለቅኩ። ቅናቱ አልወጣልኝም። አሁንም እቀናለሁ። እጇ ጥሩ ነው፣ የኔን ያህል ባይሆንም።

እራት ላይ መንሱር ድንገት ስለ ሴትየዋ ጀመረ፣ በዋጋ እንዴት አድርገው እንደተከራከሩት። ከዚያ ስለ አዲሱ እንጨት። ከዚያ የዚያን ቀን ወደ ደሴ ሲሄድ መንገድ ላይ ስለገጠመው፣ ማስክ የሚሸጥ ሱቅ ሲፈልግ ስንት ሰፈር እንደዞረ። ቀኑን ሙሉ ማስኩ ውስጥ ያፈነውን ሁሉ አወጣው። እኔ እህ እላለሁ። ገበታው ተነሳ፣ አላቆመም። ጋደም አልኩ፣ እግሬ ስር ቁጭ ብሎ ስለ አባቱ መጋዝ ቀጠለ። ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። ልሰማው ፈልጌ ነበር፣ ወላሂ።

ሳይጨርስ እንቅልፍ ወሰደኝ።