የማዕድን መሐንዲሱ የአቶ ዘርዓብሩክ እምሩ ሕይወትና ኑዛዜ

አቶ ዘርዓብሩክ ከአባታቸው ከአቶ እምሩ ተክለሃይማኖትና ከእናታቸው ከወ/ሮ ተናኘወርቅ ግንቦት 14 ቀን 1949 ዓ.ም. በአራዳ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ተወለዱ። ትምህርታቸውን አምስት ኪሎ ሲከታተሉ ከአብሮ አደጋቸው ከኢዩኤል ጋር አንድ ዴስክ ይቀመጡ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ሁለቱም የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ፖላንድ አቀኑ።

ሁለቱም በማዕድን ምሕንድስና ተመርቀው በዚያው አገር በአንድ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ተቀጠሩ። የአባታችን ሥራ ንድፍ ነበር፤ ከሰሉ ከመሬት በታች፣ ግንባር ከሚባለው ረጅም የከሰል ግድግዳ ላይ እየተቆረጠ ሲወጣ መተላለፊያው በየት እንደሚያልፍ፣ ጣሪያውን ለመደገፍ ሳይቆረጥ የሚቀረው የከሰል ምሰሶም ምን ያህል እንደሚሰፋ ይወስናሉ። ኢዩኤል ያንን ንድፍ ይዘው ከሠራተኞቹ ጋር ይወርዳሉ።

በ1981 ዓ.ም. አለቆቻቸው ምርት እንዲጨምር ሲያጣድፏቸው፣ አባታችን ሠላሳ ሜትር የነበረውን ምሰሶ ወደ አሥራ ስምንት አጠበቡት። ኢዩኤል ሥጋታቸውን ቢነግሯቸው፣ "ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ግባ" አሏቸው። በሦስተኛው ሳምንት ጣሪያው ተደረመሰ፤ የኢዩኤል አስከሬን የተገኘው በአራተኛው ቀን ነው። አጣሪዎቹ ምክንያቱ አስቀድሞ ያልታወቀ የድንጋይ ስንጥቅ ነው ብለው መዝገቡን ዘጉ። አባታችንም ለሟቹ እናት ለወ/ሮ ጽጌማርያም ይህንኑ ነገሯቸው።

በ1983 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው ቸርችል ጎዳና በሚገኝ መሥሪያ ቤት በከሰል ጥናት አገለገሉ። ምሰሶ አብዝተው ያስቀራሉ እየተባሉ ይታሙ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ከወ/ሮ አይናዲስ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሊያንና አማኑን ወለዱ።

በ2008 ዓ.ም. እውነቱን ለወ/ሮ ጽጌማርያም ሊናገሩ ተነሡ። ይህን የምጽፈው እኔ ልጃቸው ሊያ ግን፣ የደረቀ ቁስል ምን ያስነካል ብዬ መለስኳቸው። ዓመት ሳይሞላ ወ/ሮ ጽጌማርያም አረፉ። አባቴ አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ለኢዩኤል እኅት ለወ/ሮ ምኞት ተናዘዙ። እርሳቸውም እናታቸው በሕይወት ሳሉ ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቋቸው፤ አባቴ የእኔን ስም አላነሡም። ከዚያ ወዲያ ሰላምታቸው ተቋረጠ።

ዘንድሮ የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ሲጥላቸው ወ/ሮ ምኞት ሳይጠሩ መጡ። "ጋሼ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ ለማለት ገና አልቻልኩም፤ ግን ብቻዎን አልተውዎትም" አሏቸው። ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው ሲያርፉ እጃቸውን ይዘው የነበሩት ወ/ሮ ምኞት ናቸው።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር አስቀድሞ የአቶ ኢዩኤልን፣ ቀጥሎ የወ/ሮ ጽጌማርያምን፣ ከእነርሱም በኋላ የአባታችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል። በዚህ ቅደም ተከተል እንድንጸልይ ያዘዙን እርሳቸው ናቸው።