ተቆልፎ ለሚኖረው የማጥቢያ ክፍላችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የውሃ አቅርቦት መሥሪያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ሊፍታችን በየጊዜው የሚቆም ሳይሆን እንደ ስብሰባዎቻችን ማብቂያ የሌለው እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ምድር ቤት፣ የደንበኞች አገልግሎት ሁለተኛው መስኮት ላይ ተቀምጬ ቧንቧ ፈነዳብኝ፣ ቆጣሪ ቆመብኝ የሚለውን ሁሉ የማስተናግድ ሠራተኛዎ ነኝ። ከወሊድ ፈቃድ ከተመለስኩ ወዲህ ሁለት አለቆች አሉኝ፤ አንደኛው እርስዎ ሲሆኑ ሁለተኛዋ ገና ጥርስ ያላበቀለች ልጄ ናት። ሁለታችሁም በፈለጋችሁኝ ሰዓት እንድገኝላችሁ ትሻላችሁ፤ ልዩነታችሁ እሷ ስትጠግብ ፈገግ ማለቷ ነው።

ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ይባላልና፣ እኔም በልጄ ፈንታ ጥቂት ላልቅስ ብዬ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ተራ ቁጥር አንድ፤ ስለ ክፍሉ። የእናቶች ማጥቢያ ክፍላችንን ሪባን ቆርጠው ሲመርቁ እኔም ከኋላ ቆሜ ሳጨበጭብ ነበር፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ እንደነበረም አልደብቅዎትም። ከበሩ በላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ የእርስዎ ስም በትልልቁ፣ «እናቶች» የሚለው ቃል ደግሞ ጠጋ ብሎ ላነበበው በሚታይ መጠን ተጽፏል። ውስጡ ሶፋ አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ ቢራቢሮ ያለበት መጋረጃም አለ። ሶፋው ሲመጣ የለበሰውን ፕላስቲክ እስከ ዛሬ አላወለቀም። በዚህ ሁሉ መሀል የጎደለ ነገር ቢኖር እናት ብቻ ናት፤ ምክንያቱም ክፍሉ እንዳይቆሽሽ ተብሎ በክቡርነትዎ ትእዛዝ ተቆልፏል።

ቁልፉ የሚገኘው የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊያችን ወገብ ላይ ነው። ሠራተኛው «ጋሽ ቁልፌ» የሚላቸው እኚህ ሰው ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም በሩን እንዲከፍቱልኝ በጠየቅኳቸው ቁጥር በአባትነት ፈገግታ፣ ክፍሉ ክፍት ከዋለ ሰው ሊገባበት እንደሚችል ያስረዱኛል። አንዳንድ ቀን ከነቁልፋቸው የውሃ ጋኖችን ሊጎበኙ ስለሚወጡም፣ ልጄ የምትራብበትን ሰዓት ቀደም ብላ ብታሳውቅ መልካም መሆኑን መክረውኛል። ምክሩን ለልጄ አድርሻለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠችበትም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ላሚቱ እኔው ኖሬያለሁ።

ተራ ቁጥር ሁለት፤ ስለ ፎቶግራፉ። ከሌላ ከተማ የሙያ ባልደረቦች ለልምድ ልውውጥ የመጡ ዕለት ክፍሉ ተከፍቶ፣ ተወልውሎ፣ አበባ ሁሉ ገብቶለት ነበር። እኔም ክፍሉን ስትጠቀም የምትታይ እናት ተፈልጋ በጥድፊያ ተጠራሁ፤ ልጄ ግን እቤት፣ እናቴ ዘንድ ነበረች። የሕዝብ ግንኙነት ባልደረባችን መላ የማያጡ ሰው ናቸውና የስብሰባ አዳራሹን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ጠቅልለው፣ በአንገት ሻርፕ ሸፍነው ክንዴ ላይ አስቀመጡልኝ። ታዛዥ ሠራተኛ ስለሆንኩ የጠረጴዛ ልብሱን እሹሩሩ አልኩት። እንግዶቹ የሕፃኑን ጸባየ ሸጋነት አደነቁ፤ ክቡርነትዎም በሻርፑ ላይ ዳበስ አድርገው «እደግ» ብለው መረቁት። በዚያች ሰዓት ጡቴ ሞልቶ ድንጋይ ሆኖ ነበርና፣ እንግዶቹ ሲወጡ እዚያው ቀርቼ ትንሽ አልባለሁ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሆኖም ፎቶው እንደተነሳ የጠረጴዛ ልብሱ ለምሳ ግብዣው ስለተፈለገ ከእቅፌ ተወሰደ፣ እኔም ተከትዬው ወጣሁ፣ በሩም ተቆለፈ። ፎቶው ዛሬ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። ስለ ሕፃኑ ለሚጠይቁኝ ሁሉ ደህና መሆኑን እነግራቸዋለሁ፤ እደግ ብለው ቢመርቁትም ሲታጠብ ግን ጥቂት አጥሯል።

ተራ ቁጥር ሦስት፤ ስለ ፍሳሽ። የእናት ወተት ሕፃን ሲያለቅስ ከሰማ የማን ልጅ ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ይመጣል። አንድ ጠዋት አንድ ግንበኛ ደጃፉ ላይ ስለፈነዳው ቧንቧ እያስረዳኝ ሳለ ከኋላው ተራ ከያዙት በአንዷ ጀርባ ላይ ያለ ሕፃን አምርሮ አለቀሰ፣ የእኔም ሸሚዝ በደንበኞቼ ፊት ራሰ። ሰውየው የጨዋ ልጅ ነውና ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቅሎ፣ የእሱ ቧንቧ ነገም ቢጠገን እንደማይከፋው፣ መጀመሪያ የባሰበት እንዲቀድም በትሕትና ነገረኝ። በመሥሪያ ቤታችን ደንበኛ ተራውን በፈቃዱ ለሌላ ፍሳሽ ሲለቅ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ተራ ቁጥር አራት፤ በቁልፉ ምትክ እንድጠቀምበት ስለተጠቆመልኝ መጸዳጃ ቤት። ክቡርነትዎ እዚያ ውስጥ ምሳዎን በልተው የሚያውቁ ከሆነ ማብራሪያ አያስፈልግዎትም፤ በልተው የማያውቁ ከሆነም አያስፈልግዎትም።

ተራ ቁጥር አምስት፤ ስለ ማስጠንቀቂያው። በሩ ቢዘጋም ሆድ አይዘጋምና፣ እናቴ በየቀኑ ረፋድ ላይ ልጄን አዝላ እስከ ግቢው በር ታመጣልኛለች። የበሩ ዘበኛ ጋሼ ያቺን ለአንድ ሰው የማትበቃ ጎጇቸውን ይለቁልንና ጀርባቸውን ሰጥተው ደጅ ይቆማሉ፤ ዝናብ ከመጣም ጃንጥላ ይዘው ይቆማሉ። ለምን እንደሚበሰብሱ ለጠየቃቸው ሁሉ ውስጥ ኃላፊ አለች ብለው ይመልሳሉ፤ አልዋሹም። ይህንንም ያህል ሰላም ካገኘን በኋላ፣ ከሥራ ገበታዬ በተደጋጋሚ በመነሳቴ የእርስዎ ፊርማ ያለበት ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ከደገምኩት እንደምሰናበትም ተጨምሮበታል። በዚያው ሰዓት ከሕንፃው ጀርባ ሲጋራ የሚያጨሱ ወንድሞቼ ጥላና አግዳሚ ወንበር ተሠርቶላቸዋል፤ ቁልፍ የለበትም፣ ማስጠንቀቂያም የለበትም። አልመቀኛቸውም፤ ልጄ ማጨስ ብትችል ኖሮ ነገሩ ሁሉ እንዴት በቀለለ ብዬ ግን አስባለሁ።

እስካሁን እየሳቅኩ ጻፍኩ፤ ይህቺን ግን ሳልስቅ ልጻፋት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጡት በሰዓቱ ካልተጠባ ወይም ካልታለበ ወተቱ እየቀነሰ ሄዶ እንደሚደርቅ ነግራኝ ነበር። የእኔም እየቀነሰ ነው። ልጄ ማታ ማታ ስትስብ፣ ስትስብ ትቆይና ቀና ብላ ታየኛለች፤ ምን አድርጌ እንደበደልኳት የምትጠይቀኝ ይመስለኛል፣ አንጀቴን ትበላኛለች። ከወጣሁ ሥራዬን አጣለሁ፣ ካልወጣሁ ወተቴን አጣለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ሰው ውሃው ሲመጣለት ደውሎ ሲያመሰግነኝ ቀኔ ይበራል፤ ልጄንም ለሌላ ሰው ማብራራት እስኪያቅተኝ እወዳታለሁ። አንዱን ምረጪ መባል ያናድደኛል፣ መምረጥም አልፈልግም። ሁለቱንም ሊያስማማ የሚችል ክፍል ደግሞ ከራሴ በላይ አንደኛ ፎቅ ላይ ፕላስቲክ ለብሶ ተቀምጧል።

እንግዲህ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ሶፋው ይቅርብኝ፣ ቢራቢሮውም ይቅር፤ መሬት ላይ መቀመጥ እችላለሁ። ቁልፉ ብቻ ከጋሽ ቁልፌ ወገብ ወርዶ ከበሩ ላይ እንዲውል፣ ማስጠንቀቂያውም ወደመጣበት እንዲመለስ ይፈቀድልኝ። ክፍሉ መቆሸሹ አይቀርም፤ ወተት ይፈስበታል፣ ሕፃን ያስመልስበታል፣ አንድ ቀንም አንዲት የደከማት እናት ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ሰሌዳው ላይ ያለው ስምዎ እውነት ይሆናል።

ስለ ሰጡን ሪባን፣ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ መጋረጃውና በተለይም በሩ ላይ ስላለው ጠንካራ መቆለፊያ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ እላለሁ።

በእርስዎ ፈቃድ የምትቀመጥ፣ በልጇ ፈቃድ የምትተኛ፣ ሁለቱን አለቆቿን እኩል የምታከብር፣
የሁለተኛው መስኮት ሠራተኛዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከመጨረሴ በፊት፣ ትናንት ረፋድ ላይ ወላጅ እናትዎ እርስዎ እቤት የረሱትን መነጽር ይዘውልዎ መጥተው ነበር። ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባሉና ፀሐዩም ከባድ ስለነበር ዘበኛው ወደ ጎጆዋ አስገቧቸው፣ እዚያው እኛን አገኙን። ልጄን ተቀብለውኝ ትከሻቸው ላይ አድርገው አስገሷት፤ ከዚያም ለምን እዚህ ተወሽቄ እንደማጠባ ጠየቁኝ፣ ለትልቅ ሰው አይዋሽምና እውነቱን ነገርኳቸው። እርስዎን ሲወልዱ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ እንደነበሩ፣ እርስዎ ኩባያ አልነካም ብለው ስላስቸገሯቸው አለቃቸው ማሽኑን እሱ ራሱ እየጠበቀላቸው ወጣ እያሉ ያጠቡዎት እንደነበር አጫወቱን። የዚያን አለቃ ስም እስከ ዛሬ ሲያነሱ መርቀው ነው። የበሩ ቁልፍ በማን ትእዛዝ እንደተያዘ ሲሰሙ የልጃቸውን ስም ምን ብለው እንዳነሱት ግን ለደብዳቤ የሚመች አይደለም፤ ሰኞ ጠዋት ራሳቸው መጥተው ይነግሩዎታል፣ ስብሰባ ላይ ነው እንዳትሉኝ ብለውም አስጠንቅቀውናል።