ቀሚሱና አራቷ ሴንቲ ሜትር

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ለልጄ እናት፣ ለናፍቆቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለው? እኛ ደህና ነን፤ እኔ ብቻ እጅ እግሬ ዝሏል። ቀኑን ሙሉ የሰው በርና መስኮት ስገጥም ውዬ፣ ቤት ስገባ ደግሞ ድስቱና ያልታጠበው ልብስ ይጠብቁኛል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በደወልሽ ቁጥር ልጅሽ ጆሮዋን ከስልኩ ጋር አጣብቃ ስለምትቆም ነው። የላክሽላትን ቀሚስ ያደረሰችልን ጓደኛሽ ወዳለሽበት አገር ስትመለስ ደብዳቤዬን ትይዝልኛለች።

ቀሚሱ ያምራል። ግን ለብሳው ብቅ ስትል እጅጌው ጣቶቿን ውጦ፣ ጫፉ ወለል ይጠርግ ነበር። ልስቅ ስል ፊቷን አየሁና ዋጥኩት። አውልቃ አጣጥፋ አስቀመጠችውና፣ «እማዬ ልኬን ረስታዋለች» አለች። ከዚያ በኋላ እህል አልቀምስ አለች። አንጀቴን በላችው።

ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ከሄድሽ ወዲህ ስንት እንዳደገች ስትጠይቂያት፣ እኔ በበሩ መቃን ላይ ካለው የድሮ ምልክቷ ጀምሬ ለክቻት በሜትር ዜሮ ነጥብ ዜሮ አራት ነው ብያት ነበር። ለካ እሷ የጻፈችልሽ ዜሮ ነጥብ አራት ብላ ኖሯል። ለምን ብላት፣ ዜሮ ከፊት ከሆነ ዋጋ የለውም ተብለን ተምረናል አለችኝ። ከነጥብ በኋላ ሌላ ነው ብዬ ባስረዳ ባስረዳ፣ ወይ ፍንክች። ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች አንቺው ታውቂያለሽ።

ሲደክመኝ ከሥራ የተረፈች አንድ ሜትር ጣውላ አመጣሁና እኩል አስር ቦታ ቆረጥኳት። አራቱን ቁራጮች ከድሮ ምልክቷ በላይ መቃኑ ላይ ደርድሬ፣ የጻፍሽላት ይህን ያህል ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችና፣ እንዲህማ ከሆነ እማዬን እበልጣታለሁ አለች። ከዚያ ከአስሩ አንዱን ቁራጭ መልሼ አስር ቦታ ከተፍኩትና አራቱን ቅንጣቢ መዳፏ ላይ አኖርኩ። ያደገችው ይህችኑ ነው።

«ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው የአስረኛ ቤት ነው፤ አሁን ማንም የለበትም» አልኳት። «ዜሮ ቁጭ ብሎ ካልጠበቀው፣ አራት የሰው ቤት ይገባል።»

ቅንጣቢዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። «ስለዚህ እማዬ አልረሳችኝም። እኔን አምና ነው» አለችና አለቀሰች። እኔም አልዋሽሽም፣ አብሬ አለቀስኩ።

አንቺም ይህን ሁሉ ስታድግ አመለጠኝ ብለሽ ማልቀስሽን ጓደኛሽ ነግራኛለች። አይዞሽ የኔ ዓለም፤ ያመለጠሽ አራት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

የሥራ ውልሽን ለማራዘም እንዳሰብሽም ሰምቻለሁ። የቤታችንን ነገር አውቀዋለሁና ምን እላለሁ፤ ሆድ ይፍጀው። ቀሚሱን ለልብስ ሰፊ ሰጥቼ ላሳጥረው ስል ግን ልጅሽ ከለከለችኝ። አድግበታለሁ ብላ በሩ አጠገብ ሰቅላዋለች፤ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ከጎኑ ቆማ ትለካለች። ትናንት የደረሰችበት መሰላት፤ ለካ በእግር ጣቷ ቆማ ኖሯል።

እጅሽ አይዛል፤ ክፉ አይንካሽ። የወሰደሽ መንገድ በሰላም ይመልስሽ። ብቻ ቀሚሱ ልኳ ከመሆኑ በፊት ነይ።

የልጅሽ አባት