ወገቡ የተቆረጠው ባቡር

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲሆን የሚነሣብሽ የጉልበት ሕመም ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደህና ነኝ እያልሽ ደረጃ ትወጪበታለሽ? ባለቤትሽስ ሥራው ተመቸው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? በላክሽልን ፎቶ ላይ ትልቋ በቁመት በልጣሻለች፤ ቂም እንዳትይዥባት። እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን ይህች ቃል በዚህ ሰሞን ከአፌም ከብዕሬም አልወጣ ብላኛለች። ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

ሦስት ደብዳቤ ልከሽ አንድም መልስ አላገኘሽም። ተቀይመሽ ከሆነ እውነትሽን ነው። የምጽፈው ጠፍቶኝ አይደለም። እማማ ካረፈች ወዲህ ውስጤ ደንዝዟል። በቀብሯ ዕለት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ለእንግዳ ወንበር ይበቃ እንደሆነ ስቆጥር ነበር። ጠዋት ላውንድሪ እሄዳለሁ፣ የሰው ኮትና ሱሪ ስተኩስ እውላለሁ፣ ወደ ቤት እመለሳለሁ። ባለቤቴ ወጡ ጨው አንሶት እንደሆነ ስትጠይቀኝ ቀምሼው እንኳ መልሱን አጣዋለሁ። ጥርስ ሊነቀል መርፌ የተወጋ መንጋጋ ታውቂ የለ? ሁለመናዬ እንደዚያ ነው። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ ብዬ ሳይሆን፣ ቀጥሎ ያለውን ነገር እንዴት ላደርገው እንደቻልኩ እንዲገባሽ ነው።

አባባ ብቻውን ግድግዳ ሲያይ እንዳይውል ብለሽ ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ ገዝተሽ የላክሽለት ተገጣጣሚ የእንፋሎት ባቡር በደህና ደርሶት ነበር። መጀመሪያማ ዕድሜ ልኬን እውነተኛ ባቡር ሳገለግል ኖሬ አሁን አሻንጉሊት ላከችልኝ ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈ። በአራተኛው ቀን መነጽሩን አድርጎ የመመሪያውን ወረቀት ሲያገላብጥ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ሙሉ ጠረጴዛችን የእሱ ጋራዥ ሆነ፤ እኛ ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን ስንበላ ከረምን። በውኃ ማፍያው በቦይለሩ ጎን የሚያልፉትን ቀጫጭን ቱቦዎች በወረንጦ እየያዘ አንድ በአንድ ለጠፋቸው። ጭስ ማውጫውን ሁለት ጊዜ ቀብቶ ሁለት ጊዜ ፋቀው፤ ይህ ጥቁር የጫማ ቀለም ጥቁር እንጂ የባቡር ጥቁር አይደለም አለ። በቤታችን በእንፋሎት የሚሠራ የቀረው አንተ ብቻ ነህ እያለም በካውያዬ ይቀልድብኝ ነበር። እማማ ከሞተች ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያኔ ነው።

የአባባን ሥራ ታስታውሻለሽ። ባቡር ጣቢያ ገብቶ በቆመ ቁጥር መዶሻውን ይዞ ከሥሩ እየዞረ መንኮራኩሮቹን አንድ በአንድ ይመታል፤ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። በጤነኛው ላይ በጠመኔ ክብ፣ በተሰነጠቀው ላይ ኤክስ ያደርግበታል። የሥራ ጓደኞቹ «ሐኪሙ» ይሉት የነበረው ለዚህ ነው። ስንጥቅ ያለበትን መንኮራኩር አንድም ቀን ደህና ነው ብሎ አሳልፎ አያውቅም፤ ለዚህ ሲል ከስንት አለቃ ጋር እንደተጣላ እማማ ስትቆጥርልን ነበር ያደግነው። ቤት ውስጥም ቢሆን ሳይመታ የሚጠጣበት ብርጭቆ አልነበረም። ባለቤትሽ ሊጠይቅሽ የመጣ ዕለት ለእንግዳው የቀረበውን ብርጭቆ በጥፍሩ ኳ ሲያደርገው፣ እማማ ሰውየውን ደግሞ እንዳትመታው ብላ ያሳቀችን አይረሳኝም። አሁን ጆሮው ጨርሶ ሄዷል። ካልጮሁለት ወይም ካልጻፉለት አይሰማም።

ታዲያ ሻንሲው የሚገጠምበት ቀን ደረሰ። ሻንሲ ያልኩሽ ከታች ሆኖ መንኮራኩሮቹን የሚይዘውና ሌላው ሁሉ የሚጫንበት የብረት ወገቡ ነው። አባባ መቼም ሳያስመታ አይገጥም። ትንሿን መዶሻ ለእኔ ሰጠኝና የሻንሲውን አንድ ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ምታና የሚልህን ንገረኝ አለኝ። መታሁት። ድምፁ የታፈነ ነበር። እትዬ፣ አልተጠራጠርኩም፤ ያን ድምፅ አንቺም እኔም ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ግን ተሰንጥቋል ካልኩ ጣጣው ብዙ ነው፤ ለአባባ እየጮሁ ማስረዳት፣ ላንቺ መጻፍ፣ ሌላ ሻንሲ ፍለጋ መንከራተት። ደከመኝ ብዬ እንዳልዋሽሽ ድካም እንኳ አልነበረም። ግድ አልሰጠኝም። አውራ ጣቴን ቀስሬ ደህና ነው አልኩት።

አባባ ትንሽ አየኝና ሥራውን ቀጠለ። ብሎኖቹን ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሳያጠብቃቸው ተዋቸው። ጣቱ ዝሎ መስሎኝ እኔ ላጥብቅልህ ብዬ ስጮህለት በእጁ ተወው አለኝ። በአራተኛው ቀን ራሱ አጠበቃቸው።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ባቡሩ አለቀና ሁላችንም ጠረጴዛውን ከበብን። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች መጥታ ነበር። አባባ መመሪያው ላይ እንዳለው ቦይለሩ ውስጥ የእርሳስ ክብደት ጨመረና ባቡሩን ቀስ አድርጎ ሐዲዱ ላይ አቆመው። ወገቡ ቁርጥ አለ። ከመንኮራኩሮቹ ሁለቱ ተንከባልለው ሶፋ ሥር ገቡ። አባባ አልተቆጣም፣ አላዘነምም። ተንበርክኮ መንኮራኩሮቹን ለቀመና በሻይ ስኒ ውስጥ አድርጓቸው ወደ አልጋው ሄደ። ከዚያ ወዲያ የሚነሣው ለመጸዳጃ ብቻ ሆነ። ሁለት ጎርሶ ሳህኑን ይመልሳል። ሐኪም አመጣንለት፤ ሐኪሙም ልቡም ሳንባውም የጎረምሳ ነው ብሎን ሄደ። ባለቤቴ ሰውየው ዓይናችን እያየ እያለቀብን ነው አለችኝ። እኔም ከዚያ ሻንሲ በቀር መድኃኒት እንደሌለው አሰብኩ።

መጀመሪያ ስባሪዎቹን ይዤ በያጅ ጋ ሄድኩ። ገና እሳት ሲያስነካው እንደ ቅቤ ቀለጠበትና፣ ይህ ብረት አይደለም ብረት ነኝ ባይ ነው ብሎ መለሰልኝ። በሙጫ ሞከርኩት፤ አንድ ቀን ይዞ በማግሥቱ ተላቀቀ። የልጆች መጫወቻ የምትሸጠዋ ሴትዮ መኪና ልትሰጠኝ አስባ ባቡር መሆኑን ስነግራት መኪናስ ምን አለው ብላ ተቆጣችኝ። ባቡሩን ለሠራው ፋብሪካ እንዳልጽፍ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ። በምሳ ሰዓቴ ሁሉ ስዞር አንድ ወር ሞላኝ። መፈለጉን ፈልጌዋለሁ፣ ሳጣው ግን አላዘንኩም፤ ልብስ እንደ መተኮስ ነበር የማደርገው። በመጨረሻ ሰዓት ሠሪው፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ፀጉር ቤት መስኮት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቻለሁ አለኝ።

ሄድኩ። እውነትም አለ፤ የእኛው ባቡር ቁርጥ ራሱ። መስኮት ላይ ለብዙ ዓመት ፀሐይ ሲመታው ኖሮ ከላይ ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ፣ ጭስ ማውጫው እንደሰከረ ሰው አንገቱን ደፍቷል። ከሥሩ ግን ሻንሲው ሙሉ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሸበቶ ሰው ነው፤ እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ በነበረ ጊዜ በገዛ እጁ ገጣጥሞት ነበር። ታሪኩን በትዕግሥት ሰማኝና፣ እሰጣለሁ፣ ግን ለመልእክተኛ አይደለም፤ ሠሪው ራሱ መጥቶ አይቶ ይውሰድ አለኝ። ጋሼ፣ አባቴ አልጋ ላይ ነው ብለው፣ እኔም አልጋ ላይ ሆኜ ነው የሠራሁት ብሎ መቀሱን አነሣ።

ለአባባ በወረቀት ጻፍኩለት፦ ሻንሲ ተገኝቷል፣ አንተ ራስህ ካላየኸው አይሰጡንም። አነበበና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ጫማዬን የት ነው ያደረጋችሁት ብሎ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ፀጉር ቤቱ ስንደርስ ሦስት ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር፤ አንዱ ወንበር ላይ ፊቱ ግማሹ ሳሙና ነው። ፀጉር አስተካካዩ አባባን ከሁሉ አስቀድሞ ጢሙን ላጨው፤ የተላጨበትን ፊት ሳየው ምን ያህል እንደከሳ ገባኝ። ከዚያ ባቡሩን ፎጣ ላይ አስቀምጦ አራት ብሎን ፈታና ሻንሲውን አወጣ። አባባ ከደረት ኪሱ መዶሻዋን አውጥቶ ሰጠኝ። እንደ በፊቱ አንዱን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ምታና የሚልህን ንገረኝ አለኝ። መታሁት። ጥርት ብሎ ጮኸ፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እንኳ ቀና አሉ። ደህና ነው አልኩት። አባባ ጆሮው አልሰማ እንዳለው ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አዎ፣ አሁን እውነትህን ነው አለ። እኔም መዶሻዋን መለስኩለት።

ወደ ቤት ስንመለስ ድልድዩ ላይ ዐረፍ አለና፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ ነገረኝ። የፊተኛውንም ጣቴ ነግሮኝ ነበር አለኝ። ጆሮዬ ቢሞት ጣቴ አልሞተም አለኝ። ብሎኖቹን ሦስት ቀን ሳላጠብቅ የቆየሁት መጥተህ ትነግረኛለህ ብዬ ነው፤ ስትቀር ጊዜ ልጄን ውሸታም ከማደርገው ባቡሩ ይሰበር ብዬ አጠበቅኩት አለኝ። ለካ አልጋ ላይ የጣለው ባቡሩ አልነበረም።

እኔ ምን ያልኩት ይመስልሻል? ምንም። ሻንሲውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ከጎኑ ሄድኩ። ለአባባ በሹክሹክታ ይቅርታ መጠየቅ አይቻልም፤ መጮህ ያስፈልጋል። ድልድይ ላይ ቆሜ ዋሽቼሃለሁ ብዬ ለመጮህ ደግሞ መጀመሪያ አንድ ነገር ሊሰማኝ ይገባል፤ አልተሰማኝም። ይኸው ስድስተኛ ቀኔ ነው። አባባ አልጋውን ትቷል፣ በደንብ ይበላል፣ ባቡሩም በአዲሱ ወገቡ ሐዲዱ ላይ ቆሟል። ግን የሻንሲውን ብሎኖች አላጠበቃቸውም። በጠረጴዛው ባለፍኩ ቁጥር ላልተው አያቸዋለሁ። ስለዚህ እትዬ፣ ይህ ደብዳቤ ላንቺ ቢሆንም መጀመሪያ የሚያነበው እሱ ነው። ድምፄ አልወጣ ቢለኝ ጽሑፌ ያወጣዋል ብዬ ነው የጻፍኩት። ሻንሲው ተሰንጥቆ ነበር፤ አውቄ ደህና ነው አልኩት።

ባለቤቴ ጉልበትሽን በሙቅ ውኃ እሺው ብላ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች። ልጄ አክስቴን ሳሚልኝ ብላለች፤ ባቡሩ ስትመጪ እንደሚነፋ ቃል ገብታልሻለች፣ እንደማይነፋ ማን ይንገራት። ልብስ ሰፊዋ የልክሽን ቁጥር እስካሁን አልረሳሁም በላት ብላኛለች። ባለቤትሽን ትከሻ ለትከሻ፣ ትልቋን በቁመቷ ልክ፣ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። ለአባባ ሰላምታ ቦታ ትቼለታለሁ፤ አንብቦ ሲጨርስ ራሱ ይበልሽ።

ወንድምሽ
ከአባባ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ሚያዝያ 17 ቀን

ፖስታውን ሳላሽግ ይህችን ልጨምር። አባባ መነጽሩን አድርጎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። መፍቻውን አንሥቶ ብሎኖቹን አራቱንም አጠበቃቸውና ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ። ለሰላምታው በተውኩለት ቦታ ላይ የምታያት ክብ የእሱ ናት። የተጣመመችው እጁ ተንቀጥቅጦ እንዳይመስልሽ፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ እያለቀስኩ ያነቃነቅኩት እኔ ነኝ።